ከወሎ ወደ ኢየሩሳሌም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ክርስቲያኑ ስለ ጎልጎታና መነኮሳቶቻችን ስለሚኖሩበት ስለ ዴር ሱልጣን ይጠይቃል። ሙስሊሙ ስለ በይተል መቅዲስ፣ አል-አቅሳ ስላለበት ስፍራ ይጠይቃል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ያሉበት ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቃል። ወሎ ነውና እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ነው። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሰዓትና ደንብ ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት ግን አንዴ አጣሩ።

ላሊበላ እያለልን ኢየሩሳሌም ድረስ ምን ያስኬዳል?

ላሊበላ "ዳግማዊት ኢየሩሳሌም" የተባለችው ያለ ነገር አይደለም። ወንዟ ዮርዳኖስ ይባላል። ቤተ ጎልጎታ አለ፣ ደብረ ዘይትም አለ። ሰላሐዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1187 ነው። ቅዱስ ላሊበላም የነገሠው በዚያው ዘመን ነው። በረሃ ለበረሃ ሲሄድ መንገድ ላይ ለሚቀረው ተሳላሚ አዝኖ ኢየሩሳሌምን አገሩ ላይ አነጸለት የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ስለዚህ አቅም የሌለው ሰው ላሊበላን ተሳልሞ ቢመለስ የጎደለበት ነገር የለም። ለዚህ ጉዞ ብሎ በሬ የሚሸጥ ወይም ብድር የሚገባ ሰው ካለ አጥብቄ እቃወማለሁ። ጤናውም አቅሙም ያለው ግን ቢሄድ ደስ ይለኛል። ላሊበላን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ኢየሩሳሌም ሲገባ የሚሰማቸው ስሞች የሰፈሩ ስሞች ናቸው። አዲስ የሚሆንበት አንድ ነገር ነው። እዚያ አንዱን ኮረብታ ሦስት ሃይማኖቶች ይሳለሙታል።

እናቴ ክርስቲያን ናቸው፣ አባቴ ሙስሊም። አብረው ቢሄዱ ይቸገራሉ?

አይቸገሩም። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከጎልጎታ ተነስቶ አል-አቅሳ በር ለመድረስ በጠባቡ የገበያ መንገድ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አንድ ሆቴል አርፈው፣ እናት ወደ ቅዳሴ አባት ወደ ሰላት ሄደው፣ ምሳ ላይ መገናኘት ይችላሉ።

ማወቅ ያለባችሁ አብሮ የሚገባበትንና የማይገባበትን ነው። አባት ጎልጎታ ቢገቡ ሃይማኖታቸውን የሚጠይቅ የለም። ሁለቱም ወደ ምዕራቡ ግንብ መሄድ ይችላሉ፤ እዚያ የሚለያዩት ወንድና ሴት ስለሆኑ ብቻ ነው። እናት ግን አል-አቅሳ ግቢ ከአባት ጋር በአንድ በር አይገቡም። ለጎብኚ በተለየው በር፣ ለጎብኚ በተፈቀደው ሰዓት ነው የሚገቡት። ያውም ግቢውን ነው እንጂ መስጊዶቹ ውስጥ አይደለም።

ይሄ ወሎዬን ሊከፋው አይገባም። የኛን ሠርግ አስቡት። ዳሱ አንድ ነው። የሚታረደው ግን ለየብቻ ነው፤ ድስቱም፣ ጭልፋውም ለየብቻ። "የእስላም በዚህ፣ የክርስቲያን በዚያ" ሲባል የሚቀየም እንግዳ የለም። የሚቀየመው ጭልፋው ቢቀላቀል ነው። ኢየሩሳሌምም የምትኖረው እንደዚያ ነው፤ የየራስ በር፣ የየራስ ሰዓት፣ የየራስ ቁልፍ። ብቻ እኛ ዘንድ ወሰኑን የሚጠብቀው ይሉኝታ ነው። እዚያ ፖሊስ ነው፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፣ የሱልጣን ትእዛዝ ነው። ስለዚህ "ምን አለበት" ብላችሁ አትለፉ፣ ጠይቁ።

ጉዞው እንዴት ነው? ቪዛስ?

ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ከኮምቦልቻ መነሳትም ይቻላል። ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ በረራው አራት ሰዓት አካባቢ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ቤን ጉሪዮን ይባላል። ከዚያ ኢየሩሳሌም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባቡርም አለ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛውን ከመነሳቱ በፊት አዲስ አበባ ካለው የእስራኤል ኤምባሲ ማግኘት አለበት። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ይኑረው። አብዛኛው ሰው የሚሄደው ተሳላሚዎችን በቡድን ከሚያዘጋጁ ማኅበራትና የጉዞ ድርጅቶች ጋር ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዳቸውን እዩ፣ አምና ከወሰዷቸው ሰዎችም ጠይቁ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አንድ ብር አትስጡ።

ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ይበዛል። አትደንግጡ፣ አጭርና እውነተኛ መልስ ስጡ። የወሎ ሰው ስም ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ስማችሁ ገብረ ማርያም፣ የአባታችሁ ሰይድ፣ የአያታችሁ ወልዴ ከሆነ ጠያቂው ግር ቢለው አይፈረድበትም። "አያቴ ክርስቲያን ነበሩ፣ አባቴ ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ" ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ለማሳጠር ብላችሁ ስም አትቀይሩ፣ አትደብቁ።

ተሳልሜ እዚያው ብቀርስ?

አታድርጉት። በተሳላሚ ስም ሄዶ የሚቀር ሰው ከኋላው ለሚመጡት እናቶችና አባቶች በሩን ያጠባል። ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙ የኖሩ ሰዎች ቪዛ ተከልክለው ሲያለቅሱ ማየት ያማል።

መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ለክርስቲያን ትልቁ ወቅት ሰሙነ ሕማማትና ትንሣኤ ነው። በቀዳም ሥዑር ጎልጎታ ውስጥ ካለው የጌታ መቃብር የሚወጣውን ቅዱስ ብርሃን ለመቀበል ሕዝቡ በአንድ ላይ የታሰረ 33 ሻማ በእጁ ይዞ ይጠብቃል። ያን ዕለት ማታ ደግሞ የኛ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ዴር ሱልጣን ላይ ጥላ ዘርግተው፣ ጧፍ አብርተው፣ ከበሮ እየመቱ ጉልላቱን ይዞራሉ። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ግፊያውንም ይቀበል። ለሰዓታት ቆሞ መጠበቅ አለ፣ ፖሊስ መንገድ ይዘጋል። ጉልበት ለሚያማቸውና ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ሰዎች ይህን ሳምንት አልመክርም። እነሱ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንቶች ቢሄዱ ጎልጎታን ተረጋግተው ይሳለማሉ።

ለሙስሊም ረመዳን ድምቀቱ ሌላ ነው። ጁሙዓ ጁሙዓ ሰዉ በብዙ አሥር ሺዎች ይጎርፋል፣ ፍተሻውም የዚያኑ ያህል ይጠብቃል።

አየሩ ከኛ ጋር ይገለባበጣል። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ በዝናብና በጉም ስትዋጥ ኢየሩሳሌም ጠብታ አይወርድባትም፤ ፀሐዩ ይከብዳል። ዝናቧና ብርዷ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። ጋቢ ያዙ።

ከሳምንቱ ቀናት የትኛውን ለየትኛው እናድርግ?

ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከተማዋ ሦስት የዕረፍት ቀን አላት። ዓርብ የሙስሊሞች ነው። ከዓርብ ጀንበር መጥለቅ እስከ ቅዳሜ ማታ የአይሁድ ሰንበት ነው። በዚያ ሰዓት በአይሁዱ በኩል አውቶቡስም ባቡርም ይቆማል፣ ሱቅም ይዘጋል። እሑድ የክርስቲያኑ ነው። ክርስቲያን ሆኖ የአል-አቅሳን ግቢ ማየት የሚፈልግ ሰው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ብቻ ነው የሚችለው። አራት ቀን ብቻ ካላችሁና ሁለቱ ዓርብና ቅዳሜ ከሆኑ ብዙ ነገር ያመልጣችኋል።

የጎልጎታ ቁልፍ በሙስሊሞች እጅ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲህ ኖሯል። ቁልፉን የሚያስቀምጠው የጁዳ ቤተሰብ ነው። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ደግሞ የኑሰይባ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም የኢየሩሳሌም ሙስሊሞች ናቸው።

ጎህ ሳይቀድ የደረሰ ሰው አከፋፈቱን ያያል። መነኮሳቱ ሌሊቱን ከውስጥ ተቆልፎባቸው ያድራሉ። ከበሩ ላይ ትንሽ መስኮት ተከፍታ የእንጨት መሰላል ወደ ውጭ ይገፋል። በረኛው መሰላሉን አስደግፎ ይወጣና የላይኛውን ቁልፍ ይከፍታል። ያን ጊዜ ሁለቱ ከባድ ሳንቃዎች ይላቀቃሉ። ለዚህ ሲባል እንቅልፍ ማጣት አያስቆጭም፤ በዚያ ሰዓት መቃብሩ ጋ ወረፋም ብዙ የለም።

ውስጡን የሚጋሩት ስድስት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ግሪኮች፣ ካቶሊኮች፣ አርመኖች፣ ግብፆች፣ ሶርያውያንና እኛ። የማን መብራት የት እንደሚሰቀል፣ ማን የትኛውን ደረጃ እንደሚጠርግ ሳይቀር የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 የኦቶማኑ ሱልጣን "ሁሉም ባለበት ይቆይ" ብሎ ያዘዘው እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዋናው በር በላይ ባለው መስኮት ሥር አንድ አሮጌ መሰላል ቆሞ ታያላችሁ። ቢያንስ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው። ሁሉም ካልተስማማ የሚያነሳው የለም።

እንግዲህ አንድ ሻማ ከማብራታችሁ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ከመንበርከካችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ። ሻማው የሚበራበት ቦታ የታወቀ ነው። መነኩሴው ሲቆጣ ክፋት አይምሰላችሁ፤ አደራ ያለበት ሰው ነው።

ወደ ጎልጎታው ራስ የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለና የተሸረሸረ ነው። እናታችሁን ክንዳቸውን ይዛችሁ አውጧቸው። ሲወርዱ ይብሳል።

ዴር ሱልጣን የት ነው? የኛ ነው ወይስ የግብፆች?

በጎልጎታ ደጃፍ ፊታችሁን ወደ በሩ አድርጋችሁ ስትቆሙ በቀኝ ጥግ ትንሽ በር አለች። ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። ስትገቡ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎት ነው። ከዚያ ጠባቡን ደረጃ ስትወጡ የአርባዕቱ እንስሳ ቤተ ጸሎት ትደርሳላችሁ። ሌላ ትንሽ ስትወጡ ጣራው ላይ ናችሁ። መሐል ላይ ጉልላት፣ ዙሪያውን ዝቅ ዝቅ ያሉ የመነኮሳት ጎጆዎች። አጎንብሳችሁ ነው በራቸውን የምታልፉት። ከታች ያለው ዕብነ በረድና ወርቅ እዚህ የለም። ጠዋት ግዕዝና አማርኛ ትሰማላችሁ። የኛ አባቶች በዚህ ሁኔታ ቦታውን ሳይለቁ መቆየታቸውን ያየ ሰው እንባው ይመጣል።

ይዞታው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1838 ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቶቻችን አልቀዋል። መጻሕፍቱም ተቃጥለዋል። ማስረጃው የጠፋው ያኔ ነው እንላለን። ቁልፉ ለረጅም ጊዜ ግብፆች እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1970 የትንሣኤ ሌሊት ወደኛ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለግብፆቹ እንዲመለስ ቢወስንም የመጨረሻውን ነገር ለመንግሥት ተወው። መንግሥትም እስካሁን አልቋጨውም። መነኮሳቶቻችን እዚያው አሉ።

ተሳላሚ እዚህ ነገር ውስጥ አይግባ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የግብፅ መነኩሴ ፀሐይ ሽሽት ወንበሩን ወደ ጥላ ፈቀቅ ቢያደርግ ጠብ ተነስቶ 11 ሰዎች ተጎድተዋል። ወንበር እንደዋዛ አታንሱ። ግድግዳ ላይ ምንም አትለጥፉ፣ ባንዲራም አትስቀሉ። መርዳት ከፈለጋችሁ ገዳሙን ጠይቁ፤ አባቶች የሚጎድላቸውን ያውቃሉ።

የግሸን ሰው ነኝ። መስቀሉ የተገኘበትን ማየት እችላለሁ?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ የአምባሰል ሰው ብቻ ነው፤ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ግማደ መስቀሉ ያረፈው ግሸን ነው። መስከረም 21 ቀን ያን አቀበት የወጣ ሰው የሚሳለመው እሱን ነው። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችበት ቦታ ደግሞ ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ምድር ቤት ነው።

ከመቃብሩ በስተ ጀርባ በኩል ዞራችሁ ወደ ታች የሚወርደውን ደረጃ ያዙ። በሁለቱም በኩል ግድግዳው ላይ እጅግ ብዙ ጥቃቅን መስቀሎች ተፈልፍለዋል። የድሮ ተሳላሚዎች ሥራ እንደሆኑ ይነገራል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ብትነኳቸው ድንጋዩ በመዳበስ ብዛት ልስልስ ብሏል። መጀመሪያ የምትደርሱበት የቅድስት እሌኒ ቤተ ጸሎት ነው፤ አርመኖች ናቸው የሚይዙት። ከዚያም ሌላ ደረጃ ወርዳችሁ መስቀሉ የተገኘበት ዋሻ ትገባላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እሌኒ ቤተ ጸሎት ውስጥ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ብርሃን የሚገባበት ጉልላት አለ። ያ ጉልላት ከላይ ዴር ሱልጣን ላይ መነኮሳቶቻችን የሚዞሩት ነው። መስቀሉ ከተገኘበት ጉድጓድ ራስ ላይ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው ማለት ነው።

ሙስሊም ነኝ። አል-አቅሳ ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

ፓስፖርትና ጨዋ አለባበስ። ለሙስሊም ብዙ በር አለው፤ ባብ አስ-ሲልሲላና ባብ አል-አስባጥ የታወቁት ናቸው። በሩ ላይ ፖሊስ ይቆማል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ሙስሊም ስለመሆኑ ሊጠየቅ ይችላል፤ ፋቲሓ ቅራ የሚባልበትም ጊዜ አለ። አትቆጡ፣ ቅሩና ግቡ። በተለይ ስማችሁ የክርስቲያን ስም ከሆነ ይሄ አይቀርም። ከፖሊሶቹ ቀጥሎ የወቅፉ ጠባቂዎች አሉ፤ ግቢውን የሚያስተዳድረው በዮርዳኖስ መንግሥት ሥር ያለው ወቅፍ፣ ማለትም የእስልምና ንብረት አስተዳዳሪ ነው።

አንዳንድ ሰው ቦታው ባለበት ሁኔታ መዘየር ይገባል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በዑለማዎች ዘንድ ሁለት አስተያየት አለ። አንዳንዶቹ ሂዱ፣ ብቻውን አትተውት ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በዚህ ሁኔታ መሄድ የያዘውን መቀበል ነው ይላሉ። ይሄ የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ሸኻችሁን ጠይቁ።

ወርቃማው ጉልላት አል-አቅሳ አይደለም እንዴ?

ወሎ ውስጥ በብዙ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ወርቃማው ነው፤ ስለዚህ ግራ መጋባቱ አያስገርምም። ወርቃማው ቁብቱ ሶኽራ፣ የዓለቱ ጉልላት ነው። ኸሊፋ ዐብዱል መሊክ እ.ኤ.አ. በ691 ገደማ ያሠሩት። የጁሙዓ ኢማም የሚያሰግድበት፣ በግቢው ደቡብ ጫፍ ያለው ባለ ግራጫ ጉልላት መስጊድ ደግሞ ቂብሊ ይባላል። ሙስሊሞች አል-አቅሳ የሚሉት ግን ግንቡ የከበበውን መላውን ግቢ ነው። ዛፍ ሥር ብትሰግዱም አል-አቅሳ ሰግዳችኋል። መጀመሪያው ቂብላ፣ የኢስራእና የሚዕራጅ ቦታ ያ ነው። ቸኩላችሁ አትውጡ። ከዙህር እስከ ዐስር ተቀመጡበት፣ ለአገራችሁም ዱዓ አድርጉበት።

ክርስቲያንስ ግቢውን ማየት ይችላል?

ይችላል፤ በሙግራቢ በር፣ ከምዕራቡ ግንብ አጠገብ በሚነሳው የእንጨት ድልድይ በኩል። ጠዋት ጥቂት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይከፈታል። ሰዓቱ በበጋና በክረምት ይለያያል፤ ረመዳን ላይ ያጥራል፣ በበዓል ይዘጋል። በጠዋቱ ሂዱ፣ ሰልፉ ረጅም ነው።

እዚያ ግቢ ውስጥ ከሙስሊም በስተቀር ማንም እንዳይጸልይ የቆየው ደንብ ይከለክላል። መጽሐፍ ቅዱስ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ትልቅ መስቀል ይዛችሁ አትሂዱ፤ ፍተሻው ላይ ያስቀሩባችኋል። ማማተብም ይቅር። ደሴ መስጊድ ደጃፍ ብታማትቡ ሰው ላያስተውላችሁ ይችላል። እዚያ ግን ሰው ሁሉ ነው የሚመለከተው፤ በዚህ ግቢ የተነሳ ብዙ ደም ፈስሷል።

ወደ ምዕራቡ ግንብ መሄድ ይፈቀድልናል?

አዎ፣ ለሁሉም ሰው ቀንና ሌሊት ክፍት ነው። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 ካፈረሱት ቤተ መቅደስ ቅጥር የቀረ ግንብ ነው፤ ለአይሁድ ከዚህ የበለጠ የጸሎት ስፍራ የለም። ወንድ በአንድ በኩል፣ ሴት በሌላ በኩል ይቆማል። ወንድ ራሱን መሸፈን አለበት፤ ቆብ ከሌላችሁ እዚያው ይሰጣችኋል። ሰዎች በወረቀት የጻፉትን ጸሎት ድንጋዩ መሐል ይሰካሉ። ከሰው ወረቀት አውጥታችሁ አታንብቡ። በሰንበት ፎቶ ማንሳትም ስልክ ማውጣትም ነውር ነው።

እዚህ አማርኛ ብትሰሙ አትገረሙ። ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤሎች ኅዳር አካባቢ የሚውለውን በዓላቸውን ሲግድን የሚያከብሩት ኢየሩሳሌም ላይ ነው። ቄሶቻቸው ባለ ጥለት ጥላ ይዘው ስታዩ ከኛ ደብር የወጡ ይመስሏችኋል። ሰላም በሏቸው። መንገድ ከጠፋባችሁም አማርኛ የሚናገር ፖሊስ ወይም ወታደር አታጡም።

ሦስቱም ሃይማኖት አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚገናኙበት አለ?

አለ። ጽዮን ተራራ ላይ ሂዱ። ምድር ቤቱ የዳዊት መቃብር ነው፤ አይሁዶች ይጸልዩበታል። ፎቁ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የመጨረሻውን እራት የበላበት ጽርሐ ጽዮን ነው። እዚያው ፎቅ ላይ፣ በደቡቡ ግድግዳ፣ ሙስሊም ሲሰግድ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳየው ሚሕራብ ተሠርቷል፤ በኦቶማኖች ዘመን መስጊድ ሆኖ ነበርና። አንድ ቦታ ቆማችሁ ሦስቱንም ታያላችሁ።

ደብረ ዘይት ላይ ደግሞ የዕርገቱ ቦታ አለ። ከሰላሐዲን ዘመን ጀምሮ በሙስሊሞች እጅ ያለች ትንሽ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት ናት። መሬቱ ላይ የጌታ እግር ዱካ የሚባለው ድንጋይ አለ። መግቢያ ጥቂት ሰቅል ያስከፍላሉ። የዕርገት ዕለት ክርስቲያኖች መጥተው ይቀድሱባታል።

ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ማን ሠራት?

በምዕራብ ኢየሩሳሌም፣ የኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና ላይ ያለች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አስጀመሯት፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1893 ተጠናቀቀች። ጸጥ ያለ ግቢ ነው፤ ከገበያው ግርግር ወጥታችሁ ዕረፉበት።

የወሎ ሰው ግን እዚህ ሲደርስ ሌላም ነገር ያስታውሳል። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1878 የተደረገውን የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እኚሁ ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። እንቢ ብሎ የተሰደደ አለ፣ የተገደለ አለ፣ ቀን ተጠምቆ ሌሊት የሰገደ አለ። ኢየሩሳሌም ላይ ለተሳላሚው መጠለያ ያስገኘ ንጉሥ ወሎ ላይ ይህን አድርጓል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለልጆቻችሁ ሁለቱንም ንገሯቸው። ዛሬ በየቤታችን የምናየው መዋደድ ያን ሁሉ አልፎ የቆየ ነው።

ምን እንልበስ? ምን እንብላ?

ልብስ ላይ አታስቡ፤ ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ረጅም ቀሚስ፣ ክንድ የሚሸፍን ነገር ሁሉም ጋ ያስገባል። ቁምጣ አይሆንም። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን፤ የአሮጌው ከተማ ድንጋይ በእግር ብዛት ተወልውሏል፣ ዝናብ ሲነካው ይጥላል።

ጾመኛ አይቸገርም። ሑሙስ ሽንብራ ነው፣ ፈላፈልም ከሽንብራ ነው፣ ፉልም አለ። በሙስሊሙ ሰፈር የሚሸጠው ሥጋ ሐላል ነው። ቂጣው ሆድ አይሞላም የሚል ሰው ድርቆሽና በሶ ቢይዝ ይጠቀማል። በርበሬውን በደንብ አሽጉት።

ጸጥታው እንዴት ነው?

ባንድ ቀን ይለዋወጣል። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ጦርነቱ ብዙ ጉዞ አሰርዟል፤ የአየር ክልል የተዘጋበት፣ ቅዱሳት ቦታዎች የተዘጉበት ጊዜም ነበር። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውንና አየር መንገዱን ጠይቁ፤ ቀን መቀየር የሚቻልበትን ትኬት ያዙ። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሰው ሲሮጥ ካያችሁ ለማየት አትጠጉ። ስለ ፖለቲካ ታክሲ ውስጥም ሱቅ ውስጥም አትከራከሩ። ቤተ ልሔም መሄድ ስትፈልጉ ፍተሻ ጣቢያ እንደምታልፉ እወቁና ፓስፖርታችሁንና የመግቢያ ወረቀታችሁን ከኪሳችሁ አትለዩ።

ለቤተሰብ ምን ይዤ ልምጣ?

ለክርስቲያን ጎረቤት ከቅዱስ ብርሃኑ በርቶ የጠፋ ሻማ፣ መቁጠሪያ፣ ከወይራ እንጨት የተሠራ መስቀል። ለሙስሊሙ ሙስበሓና መስገጃ። ዋጋ ተከራከሩ፤ መጀመሪያ የሚጠሩትን የሚከፍል የለም። የዮርዳኖስ ውኃ የምትይዙ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ውስጥ አያሳልፉም፤ ጠርሙሱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ልብስ መሐል አድርጉት።